የስልክ አፕን በኮምፒውተር በነጻ ለመክፈት፦ አቅሙ አነስተኛ የሆነ ኮምፒውተር ላላችሁ

ታናሽ እህቴ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። ያለፉ ዓመታት የመግቢያ ፈተናዎችን ከነማብራሪያቸው የያዘ አፕ ስልኳ ላይ አለ። የሠሩት የአገራችን ልጆች ናቸው፤ ጥሩ አፕ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይከፈታል። ችግሩ የተሠራው ለአንድሮይድ ብቻ መሆኑ ነው። የፊዚክስ ሥዕልና የሒሳብ ቀመር በስልክ ላይ እያሰፉ፣ ወዲያና ወዲህ እየጎተቱ ማንበብ ዓይን ያደክማል። ፈተናው በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ተማሪ ጥያቄን በትልቅ ስክሪን ማንበብና መልሱን በማውስ መምረጥ ቢለምድ ይጠቅመዋል። ቤታችን ያለው ኮምፒውተር ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው፦ 4 ጊጋባይት ራም (ኮምፒውተሩ የከፈታቸውን ፕሮግራሞች የሚይዝበት ጊዜያዊ ማስታወሻ)፣ የድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 10። ብዙ ቤት ያለውም ይኸው ስለሆነ፣ ለእኛ የሠራው መንገድ ለሌላውም ይሠራል ብዬ ነው የምጽፈው።

ምንም ነገር ከማውረዳችሁ በፊት የምትፈልጉት አፕ በኮምፒውተር የሚከፈት መልክ እንዳለው እዩ። ቴሌግራምን በኮምፒውተር ለመጠቀም ሲሉ ትልልቅ ሶፍትዌር የሚያወርዱ ሰዎች አጋጥመውኛል። አያስፈልግም፤ ቴሌግራም ለዊንዶውስ፣ ለማክና ለሊኑክስ የተሠራ የራሱ ነጻ ፕሮግራም አለው። ዋትስአፕም በብራውዘር ይከፈታል፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚመጣውን ኪውአር ኮድ ስልካችሁ ላይ ባለው ዋትስአፕ ስካን ማድረግ ብቻ ነው። ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክም በብራውዘር ይከፈታሉ። ከዚህ በታች የምለው ስልክ ላይ ብቻ ለሚገኙት ነው፤ እንደ ፈተና አፑ፣ እንደ ብዙዎቹ የአማርኛ መዝገበ ቃላት፣ የጸሎት መጻሕፍትና የመዝሙር አፖች።

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ስልክ እንዳለ አድርጎ አንድሮይድን መጫን ነው፤ ይህን የሚሠራው ሶፍትዌር ኢሙሌተር ይባላል። ሁለተኛው አፑ ስልካችሁ ላይ እንዳለ ሆኖ የስልኩን ስክሪን ወደ ኮምፒውተር አምጥቶ በማውስና በኪቦርድ ማዘዝ ነው። ምክር ስትጠይቁ አብዛኛው ሰው የሚነግራችሁ ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው። እኔ ደግሞ አንድሮይድ ስልክ በእጁ ላለ፣ ኮምፒውተሩም ደከም ላለ ሰው ሁለተኛው በብዙ ይሻላል እላለሁ።

ስለ ኢሙሌተር ልጀምር። ከታወቁት መካከል ብሉስታክስ፣ ኤልዲፕሌየርና ሜሙ አሉ። ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚኖሩት በማስታወቂያ ነው፣ ስለዚህ ስትከፍቷቸው ያልጠየቃችሁት የጨዋታ ማስታወቂያ ቢመጣ አይግረማችሁ። ብሉስታክስ 5 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 5 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይፈልጋል ተብሎ ተጽፏል። ይህ "ቢያንስ" የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያታልላል። ዊንዶውስ ራሱ ምንም ሳይከፈትበት ከ4 ጊጋባይቱ ግማሽ ያህሉን ይይዛል። ኢሙሌተሩ በቀረው ላይ አንድ ሙሉ አንድሮይድ ያስነሳል፣ አፑ ደግሞ በዚያ ላይ ይከፈታል። ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ ወደ ሃርድ ዲስኩ ይዞራል፣ የድሮው ሃርድ ዲስክ ደግሞ ቀርፋፋ ነው። በእኛ ኮምፒውተር ላይ ስሙ የታወቀ አንድ ኢሙሌተር ተጭኖ ነበር፤ ተከፍቶ እስኪረጋጋ ድረስ እህቴ በስልኳ ብዙ ጥያቄ ትሠራ ነበር። ገጽ ለመቀየር ስትነካው የሚመልሰው ዘግይቶ ነው። በዚህ መካከል መብራት ሲጠፋ ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ይጀመራል።

ኮምፒውተራችሁ 8 ጊጋባይት ራምና ከዚያ በላይ ካለው፣ ዲስኩም ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣኑ ዓይነት ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ ያኔ ኢሙሌተር ምቹ ነው፣ በተለይ ስልካችሁ ሞልቶ አፕ አልጭን ካለ። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ኖሯችሁ ኢሙሌተሩ ከተንቀራፈፈ ግን ወደ ሌላ ኢሙሌተር ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር አረጋግጡ፤ ቨርቹዋላይዜሽን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ በኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ሲስተም በፍጥነት እንዲያሠራ የሚያስችለው ነገር መከፈቱን። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አብራችሁ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ ከሚለው ውስጥ ሲፒዩን ስትመርጡ ከታች በኩል ቨርቹዋላይዜሽን የሚል ታያላችሁ። ዲሴብልድ ካለ ፕሮሰሰሩ ይችላል፣ ግን ተዘግቷል ማለት ነው። የሚከፈተው በዊንዶውስ ሳይሆን በባዮስ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት በሚሠራው የማስተካከያ ገጽ ነው። ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ በብዙ የዴል ኮምፒውተሮች ኤፍ 2ን፣ በብዙ የኤችፒ ኮምፒውተሮች ኤፍ 10ን ደጋግሞ መጫን ነው። የኢንቴል ከሆነ ቪቲ ወይም ቨርቹዋላይዜሽን ቴክኖሎጂ፣ የኤኤምዲ ከሆነ ኤስቪኤም የሚለውን ፈልጋችሁ ኢኔብልድ አድርጉ፣ ሴቭ ብላችሁ ውጡ። ሌላ ነገር አትንኩ። ለውጡ ከፍተኛ ነው፤ ያለዚህ ኢሙሌተሩ ወይ በጭራሽ አይነሳም ወይ እየተጎተተ ይሠራል።

አንዳንድ አፕ ኢሙሌተር ላይ አልከፈት ቢል ምክንያቱን ማወቅ ጥሩ ነው። የብዙው ስልክ ፕሮሰሰር አርም የሚባለው ዓይነት ነው፣ የብዙው ኮምፒውተር ግን ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ። ኢሙሌተሩ በመሃል እያስተረጎመ ነው የሚያሠራው፤ ሁልጊዜ አይሳካለትም። የባንክና የክፍያ አፖች ደግሞ ያሉበት መሣሪያ እውነተኛ ስልክ መሆኑን ሊመረምሩና ካልሆነ እንቢ ሊሉ ይችላሉ። ልክ ናቸው። የገንዘብ አፕ ቦታው ስልካችሁ ላይ ነው።

ዩቲዩብ ላይ ያሉ የቆዩ ቪዲዮዎች ዊንዶውስ 11 ራሱ የአንድሮይድ አፕ ይከፍታል ይሏችኋል። ነበረ። ማይክሮሶፍት ያንን አገልግሎት እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 2025 ዘግቶታል። ዛሬ ያንኑ እንጫንላችሁ የሚሉ የማይታወቁ ፋይሎችን አታውርዱ። ስለ ማውረድ ካነሳሁ፣ ኢሙሌተር ስትፈልጉ ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ ውሰዱ፤ በቴሌግራም ቻናል የሚዞረውን "ፕሪሚየም" ወይም "ክራክ" የተባለውን ፈጽሞ ተዉት። ዋናው ምንጭ እንኳ ሊደፈር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 ኢሴት የተባለው የደኅንነት ኩባንያ፣ ሰርጎ ገቦች የኖክስፕሌየርን ማሻሻያ የሚላክበትን መንገድ ይዘው በእስያ ላሉ ጥቂት ተጠቃሚዎች አደገኛ ሶፍትዌር እንዳስገቡ ይፋ አድርጓል። ኢሙሌተር የጉግል አካውንት ይጠይቃል፤ ኢሜይላችሁና ፎቷችሁ ሁሉ ያለበትን ዋና አካውንት ከምታስገቡበት ለዚሁ ብቻ የሚሆን ሌላ ክፈቱ።

አሁን ወደ ወደድነው መንገድ። ሶፍትዌሩ ስክሪን ኮፒ ይባላል፤ ስትፈልጉት ግን በእንግሊዝኛ ስድስት ፊደል ነው የምትጽፉት፦ ኤስ፣ ሲ፣ አር፣ ሲ፣ ፒ፣ ዋይ። ሮማን ቪሞን የተባለ ፈረንሳዊ ፕሮግራመር ጀነሞባይል በተባለው ኩባንያ ውስጥ ሆኖ የሠራው ነው፤ ለሕዝብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ነጻ ነው ስል እውነተኛውን ነጻ ማለቴ ነው፦ ማስታወቂያ የለውም፣ አካውንት አይጠይቅም፣ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው። ስልኩ ላይ የሚጫን ነገር የለም። አንድሮይድ 5 እና ከዚያ በላይ የሆነ ስልክ ሁሉ ይበቃል። የዊንዶውሱ ፋይል ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ነው፤ የኢሙሌተሮቹ ግን በጠቅላላው የሚወርደው በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ነው። ለዳታ ከኪሱ ለሚከፍል ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ በኬብል ስለሚሠራ ምንም ኢንተርኔት አይፈልግም።

የሚወርደው ጊትሀብ (ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ) ላይ ካለው የፕሮጀክቱ ገጽ ነው። በስሙ የተከፈቱ ሌሎች ድረ ገጾች አሉ፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው ከእነርሱ አታውርዱ ብለው ያስጠነቅቃሉ። ዚፕ ፋይሉን አውርዳችሁ በአንድ ፎልደር ውስጥ ፍቱት፤ ኢንስቶል ማድረግ የሚባል ነገር የለም።

ስልኩን ማዘጋጀት የመጀመሪያ ጊዜ ብቻ ትንሽ ሥራ አለው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አባውት ፎን የሚለውን ክፈቱ፣ ቢልድ ነምበር የሚለውን 7 ጊዜ ንኩ። ዴቨሎፐር ሆነሃል የሚል መልእክት ይመጣል። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ የሚል አዲስ ክፍል ታገኛላችሁ፤ አንዳንድ ስልክ ሲስተም በሚለው ሥር ይደብቀዋል። እዚያ ገብታችሁ ዩኤስቢ ዲበጊንግን አብሩ። ሻኦሚ፣ ሬድሚ ወይም ፖኮ ከሆነ እዚያው ዩኤስቢ ዲበጊንግ ሲኪዩሪቲ ሴቲንግስ የሚል ሌላም አለ፤ እሱን ካላበራችሁ ስክሪኑ ኮምፒውተር ላይ ይታያል እንጂ ማውሱ አያዝዘውም።

ስልኩን በኬብል ሰኩት፣ ፎልደሩ ውስጥ ያለውን ፕሮግራም ሁለቴ ክሊክ አድርጉ። ስልኩ ላይ ይህን ኮምፒውተር ትፈቅዳለህ ወይ የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ አላው በሉ። የስልኩ ስክሪን በዊንዶውስ መስኮት ውስጥ ይከፈታል። ካልተከፈተ በቅድሚያ የምጠረጥረው ኬብሉን ነው። መንገድ ላይ በርካሽ ከሚሸጡት ኬብሎች ብዙዎቹ ቻርጅ ብቻ ያደርጋሉ፣ ዳታ የሚያስተላልፈው መስመር ውስጣቸው የለም። ፎቶ ከስልክ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ በሚችል ኬብል ሞክሩ። ኬብሉ ደህና ሆኖም ኮምፒውተሩ ስልኩን ካላወቀው የስልኩ አምራች የሚያቀርበው ድራይቨር ያስፈልጋል።

የእኛ ኮምፒውተር ላይ ምስሉ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይቆራረጥ ነበር። የስልክ ስክሪን ጥራት ከፍተኛ ስለሆነ አሮጌ ኮምፒውተር ያንን ሁሉ ለማሳየት ይቸገራል። መፍትሔው ጥራቱን መቀነስ ነው። ፕሮግራሙን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ሾርትከት ፍጠሩ፣ የሾርትከቱን ፕሮፐርቲስ ክፈቱ፣ ታርጌት የሚለው መስመር መጨረሻ ላይ ክፍት ቦታ ትታችሁ ሰረዝና ትንሿን ኤም፣ ከዚያ ክፍት ቦታና 1024 ጻፉ (-m 1024)። አሁንም ከከበደው ክፍት ቦታ ትታችሁ ሰረዝና ትንሿን ቢ፣ ክፍት ቦታ፣ 2 እና ትልቋን ኤም ጨምሩ (-b 2M)። የመጀመሪያው የምስሉን ስፋት፣ ሁለተኛው በሰከንድ የሚተላለፈውን መጠን ይቀንሳል። ጽሑፍ ለማንበብ በቂ ነው፤ ከዚህ በኋላ ምንም አልተቆራረጠብንም። ትልቋን ኤስ ከሰረዝ ጋር ከጨመራችሁ ደግሞ የስልኩ መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ይታያል፤ ባትሪም ይቆጥባል።

ሥራ የሚያቀሉ ጥቂት አቋራጮች አሉ። ራይት ክሊክ ወደ ኋላ ይመልሳል። አልትና ኤች ወደ ሆም፣ አልትና ኤስ ወደ ተከፈቱት አፖች ይወስዳል። አልትና ኤፍ ስክሪኑን ይሞላዋል። አልትና አር ስልኩን ወደ ጎን ያዞረዋል፤ አፑ የሚፈቅድ ከሆነ ጥያቄው ሰፊውን ስክሪን ይዞ ይነበባል፣ የእህቴ አፕ ይፈቅዳል። ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለ የአፕ ፋይል፣ ማለትም ኤፒኬ፣ ካለ ጎትታችሁ መስኮቱ ላይ ብትጥሉት ስልኩ ላይ ይጫናል። ሌላ ፋይል ከሆነ ስልኩ ዳውንሎድ ውስጥ ይገባል። አንድሮይድ 11 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ድምፁም በኮምፒውተሩ ይሰማል።

አማርኛ መጻፍ ላይ ግን ራሱን የቻለ ነገር አለ፤ በአማርኛ የሚገለገል ሰው ሁሉ ያጋጥመዋል። በኮምፒውተሩ ኪቦርድ የእንግሊዝኛ ፊደል ስትጽፉ በቀጥታ ወደ ስልኩ ይገባል። የአማርኛ ፊደል ግን አያልፍም፤ ስክሪን ኮፒ በተለመደው አሠራሩ የሚያስተላልፈው የላቲን ፊደላትንና ጥቂት ምልክቶችን ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ መጫን ይህን አይፈታውም። የሚሠራው ይህ ነው፦ ኖትፓድ ላይ በአማርኛ ጻፉ፣ ኮፒ አድርጉ፣ ከዚያ የስልኩ መስኮት ላይ የሚጻፍበትን ቦታ ነክታችሁ ኮንትሮልና ቪ ተጫኑ። ክሊፕቦርዱ፣ ማለትም ኮፒ የተደረገው የሚቀመጥበት ቦታ፣ በሁለቱ መካከል የጋራ ስለሆነ ጽሑፉ ሳይበላሽ ይገባል። በተቃራኒውም ይሠራል፤ ከአፑ ውስጥ ኮፒ ያደረጋችሁትን የአማርኛ ጽሑፍ ወርድ ላይ መለጠፍ ትችላላችሁ። ለመዝገበ ቃላት አፕ አንድ ቃል ብቻ ከሆነ ደግሞ የስልኩን የአማርኛ ኪቦርድ በማውስ መንካት ይቀላል። ይህን ክሊፕቦርድ ለእናቴም አሳይቻታለሁ፤ ከስልኳ የጸሎት አፕ ገጽ ቀድታ በትልልቅ ፊደል አሳትማ ይዛ ትሄዳለች።

ከሁሉ በላይ የወደድኩለት ግን መብራት ሲጠፋ ነው። አፑ ያለው ስልኩ ላይ ስለሆነ ዴስክቶፑ በድንገት ቢጠፋ የሚጠፋ ነገር የለም። እህቴ ኬብሉን ትነቅላለች፣ የደረሰችበት ጥያቄ ስልኳ ላይ ክፍት ነው፣ እዚያው ትቀጥላለች። መብራት ሲመጣ ተመልሳ ትሰካለች።

ኬብል ለማይመቸው በዋይፋይም ይሠራል፤ ስልኩና ኮምፒውተሩ አንድ ኔትወርክ ላይ ይሁኑ እንጂ ኢንተርኔት አያስፈልግም። በእኛ ኮምፒውተር ግን በኬብል የሚታየው የበለጠ የረጋ ስለሆነ እኛ ከኬብል አልወጣንም።

ሊኑክስ የምትጠቀሙ ከሆነ ይኸው ሶፍትዌር ኡቡንቱ ላይም አለ። ዋይድሮይድ የሚባል ሌላ ነጻ መንገድም አላችሁ፤ አንድሮይድን ከሊኑክሱ ጋር አንድ ከርነል (የሲስተሙን ዋና እምብርት) አጋርቶ ስለሚያስነሳ ከኢሙሌተር ይልቅ ቀላል ነው፣ ግን ዌይላንድ የሚባለውን የስክሪን አሠራር ይጠይቃል። አይፎን ላላችሁ ግን ስክሪን ኮፒ አይሆንም። በውጭ ያሉ ዘመዶቼ እንደሚጠቀሙት፣ ኤም 1 እና ከዚያ በኋላ የወጣ ፕሮሰሰር ያለው ማክ ሠሪዎቻቸው የፈቀዷቸውን የአይፎን አፖች ራሱ ይከፍታል።

ጥቂት የጥንቃቄ ነገር ቀርቷል። ስክሪንሹት የሚከለክሉ አፖች፣ በተለይ የባንክ፣ መስኮቱ ላይ ጥቁር ሆነው ሊታዩ ይችላሉ፤ ሶፍትዌሩ ተበላሽቶ አይደለም። ዩኤስቢ ዲበጊንግ ደግሞ ኃይለኛ በር ነው። የተፈቀደለት ኮምፒውተር አፕ መጫን፣ ፋይል መውሰድ፣ ስልኩን ማዘዝ ይችላል። ስለዚህ ሥራችሁን ስትጨርሱ መልሳችሁ አጥፉት። በራሳችሁ ኮምፒውተር ካልሆነ፣ ለምሳሌ በኢንተርኔት ካፌ ወይም በመሥሪያ ቤት፣ ሁልጊዜ ፍቀድ የሚለውን ሳጥን አትምረጡ። መርጣችሁ ከነበረም ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ ውስጥ ሪቮክ ዩኤስቢ ዲበጊንግ ኦቶራይዜሽንስ የሚለውን ስትነኩ ከዚህ በፊት የፈቀዳችሁላቸው ኮምፒውተሮች ሁሉ ይሰረዛሉ፤ የቤታችሁን ኮምፒውተር በሚቀጥለው ጊዜ እንደ አዲስ ትፈቅዱለታላችሁ።